የእንኳየሁ ሰማንያኛ ቀን

ለእንኳየሁ የልደት እልልታ ያሰማችላት ራሷ ወላዷ ናት።

ይመኙሽን ምጥ የያዛት ኅዳር ሃያ ሰባት፣ በመድኃኔ ዓለም ዕለት፣ ረፋዱ ላይ ነበር። ወደ አምባ ጊዮርጊስ ጤና ጣቢያ ሊወስዷት ቃሬዛ ሲያበጁ ልጅቱ አልጠብቅም ብላ እዚያው ቤት ውስጥ መጣች። የመንደሩ ሴቶች ደጅ ተቀምጠው ጆሯቸውን ጥለው ይጠብቃሉ፤ ወንድ ከሆነ ሰባት ጊዜ፣ ሴት ከሆነች ሦስት ጊዜ እልል ሊሉ። የሕፃን ለቅሶ ተሰማ። ከዚያ በኋላ ግን ከውስጥ የሚናገር ሰው ጠፋ።

አማቷ እትዬ ሽታዬ እትብቱን ቆርጠው፣ ልጅቱን ወደ ብርሃኑ አዙረው ፊቷን ሲያዩ እጃቸው ቀጥ አለ። የላይኛው ከንፈሯ እስከ አፍንጫዋ ድረስ ለሁለት ተሰንጥቋል። ስታለቅስ ሲያዩት ላንቃዋም ክፍት ነው።

«ምነው ዝም አላችሁ? ሞተች?» አለች ይመኙሽ።

«አልሞተችም።» ሽታዬ ነጠላቸውን ከትከሻቸው ስበው የልጅቱን ፊት ሸፈኑ። «ቀስ በይ፣ ሰው አይስማ።»

«ይስጡኝ።»

«ትንሽ ረፍ በይና…»

«ይስጡኝ እኮ ነው የምልዎት!»

ሰጧት። ይመኙሽ ነጠላውን ገልጣ አየች። ብዙ አየች። ከአላምረው ጋር ከተጋቡ ሰባት ዓመታቸው ነው፤ ሁለት ፅንስ ጨንግፎባታል። ሁለቱንም ፊታቸውን አላየችም። ይህቺ ግን ይኸው ዓይኗን ጨፍና፣ ቡጢዋን ጨብጣ፣ በተሰነጠቀ አፏ ቤቱን ታናውጠዋለች።

«እንኳን አየሁሽ» አለቻት። «ስሟ እንኳየሁ ነው።»

ከዚያ ደም እየፈሰሳት ግድግዳውን ተደግፋ ቀና አለችና «እልልልልል!» አለች። አንድ። ትንፋሿን ሰበሰበችና ደገመች። ሦስተኛዋ ላይ ድምፅዋ ተሰበረ፤ ቢሆንም ጨረሰችው። ደጅ የነበሩት ሴቶች እርስ በርስ ተያዩ። አንዷ ልትቀበል አፏን ከፍታ፣ ሌሎቹ ዝም ሲሉ ጊዜ መልሳ ዘጋችው።

*

በሦስተኛው ቀን አላምረው በቅሎ ተውሶ እናትና ልጅን ጤና ጣቢያ ወሰዳቸው። እዚያ ያለችው አዋላጅ ነርስ የሕፃኗን አፍ በጣቷ ፈትሻ፣ «ይህ እርግማን አይደለም፣ ቁጣም አይደለም» አለች። «ጎንደር ይሰፋል። ግን ሰውነት ማውጣት አለባት፤ አራት ኪሎ ተኩል ስትሞላ ነው የሚሰፏት። ጡት መሳብ አትችልም። እያለብሽ በማንኪያ ነው የምታበያት። እስከዚያ ድረስ ሕይወቷ በእጅሽ ነው።»

አሳየቻትም። ልጅቱን ቀጥ አድርጎ ማስቀመጥ፤ ማንኪያውን በጉንጯ በኩል ማስጠጋት፤ ጥቂት ማንጠባጠብ፤ ጉሮሮዋ እስኪንቀሳቀስ መጠበቅ። ከቸኮሉ ወተቱ በአፍንጫዋ ይወጣል፤ ወይም ወደ ሳንባዋ ይገባል።

ይመኙሽ ተማረችው። አንድ ስኒ ወተት ለማጠጣት አንድ ሰዓት ይፈጅባታል። አንዱን ጨርሳ ጀርባዋን ሳታቀና የሚቀጥለው ይደርስባታል። ጡቷ ቆሰለ፣ ወገቧ ተቆረጠ። እንኳየሁ ግን በሳምንቱም ነበረች፣ በወሩም ነበረች።

እትዬ ሽታዬ ክፉ ሴት አይደሉም። አራት ልጅ ቀብረዋል። ከአራቱ አንዱ ክርስትና ሳይነሳ ስለሞተ የተቀበረው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ነው። ሌሎቹን ሲያነሱ ዓይናቸው እርጥብ አይልም፤ የዚያኛው ነገር ሲነሳ ግን እስከ ዛሬ ይንሰቀሰቃሉ። ይህቺን የልጅ ልጃቸውን ባዩዋት ቁጥር እሱ እየመጣባቸው እንቅልፍ አጡ። አንድ ጠዋት ለማንም ሳይነግሩ የቤቱን የንስሐ አባት ይዘው መጡ።

ቄስ ገብረ ሚካኤል ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ ሰው ናቸው። ልጅቱን ባርከው ከመደቡ ጫፍ ተቀመጡ።

«ልጄ፣ ሕፃን ሲታመም ሰማንያ ቀን አይጠበቅም» አሉ። «ሥርዓቱ ይፈቅዳል። ነገ ጠዋት ትጠመቅ።»

«ማን ታመመ አባ?»

«እትዬ ሽታዬ…»

«እሳቸው ፈርተው ነው። ልጄ ከንፈሯ ነው እንጂ የተሰነጠቀው አልታመመችም። ደግሞስ ነገ ብትጠመቅ እኔ የት ነኝ?»

«አንቺማ ሰማንያ ቀንሽ ሳይሞላ ቤተ ክርስቲያን አትገቢም፤ ታውቂዋለሽ። አያቷ ይዘዋት ይሄዳሉ።»

ይመኙሽ ማንኪያውን ስኒው ውስጥ አስቀመጠችው። «እናንተ ወስዳችሁ አጥምቃችሁ ታመጡልኛላችሁ። ከዚያስ የምትጠብቁት ምንድን ነው? ሞቷን አይደለም? ይህ ክርስትና አይደለም አባ፣ ግንዘት ነው። ልጄ ክርስትና የምትነሳው ለመኖር ነው። ሰማንያ ቀኗ ሲሞላ፣ ኪዳነ ምሕረት ዕለት፣ በገዛ እጄ ይዣት እገባለሁ።»

«ብትሞትስ?» አሉ ሽታዬ ከበሩ ሆነው። «አንቺ እኮ አታውቂውም! ከቅጥር ውጭ መቅበር ምን እንደሆነ አታውቂውም!»

«አትሞትም።»

«የእግዜርን ሥራ አንቺ ታውቂያለሽ?»

ቄሱ እጃቸውን አንስተው ሁለቱንም ዝም አሰኙ። «ይመኙሽ፣ የምትጣይው ከማን ጋር ነው? ከእግዚአብሔር ጋር እንዳይሆን።»

«ከሞት ጋር ነው አባ። እግዚአብሔርማ ወገኔ ነው።»

ቄስ ገብረ ሚካኤል ልጅቱን እንደገና ባረኩ። ሲነሱ እንዲህ አሏት፦ «እንግዲያው ጥምቀትን እንደ ከፈን አትይው። እነሱ እንዲያ አዩት ብለሽ አንቺም አትፍሪው። ትንፋሿ ካጠረ ላኪብኝ፤ በየትኛውም ሰዓት እመጣለሁ።»

*

በዚያው ሳምንት አላምረው ነጭ ሽንኩርት ሊሸጥ የአምባ ጊዮርጊስ ገበያ ወጣ። ሲመለስ ከጨውና ከበርበሬው ጋር ሦስት ሜትር አቡጀዲ ይዞ መጣ። ዕቃውን አውርዶ አቡጀዲውን ግን ከቆጡ ላይ ሊያኖረው ሲል ይመኙሽ አየችው።

«ለምንድን ነው?»

«እንዲሁ ነው። ለክርስትናዋም ይሆናል።»

«‹ለክርስትናዋም› ያልካት ‹ም› ምንድን ናት?»

አላምረው መሬት መሬቱን አየ። ትልቅ ሰው ነው፤ በሬ ጠምዶ ድንጋያማውን የወገራ መሬት የሚገለብጥ። ያን ጊዜ ግን የሚገባበት ጠፋው። «እኔ ምን ላድርግ?» አለ በመጨረሻ። «እናቴ ታለቅሳለች። አንቺ አትሞትም ትያለሽ። እኔ ማንኛችሁን ልመን?»

ይመኙሽ አቡጀዲውን ከእጁ ወስዳ መሬት ላይ ዘረጋችው፣ መቀሱን አነሳች፣ ከመሃሉ ጀምራ ቀደደችው። «ተይ እንጂ!» አለ። አልተወችም። ለከፈን የሚሆን ቁራጭ እንዳይተርፍ አድርጋ ቆራረጠችው። እስከ ሌሊት በእጇ ስትሰፋ አምሽታ ሦስት የልጅ ቀሚስ አወጣችው። አንደኛው አንገቱ ጠበበ፣ ሁለተኛው እጅጌው ተዛነፈ። የተዛነፈውን ለልጅቱ አለበሰቻትና አባቷ ጭን ላይ አስቀመጠቻት።

«ማንን ልመን ነው ያልከው? እሷን እመን። በል፣ ማንኪያውን ያዝ።»

አላምረው ያን ቀን የልጁን ጉሮሮ ሲንቀሳቀስ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀርቦ አየ። በሁለተኛው ማንኪያ ቸኩሎ አስነጠሳት። በአምስተኛው ለመደ። ከዚያ ወዲህ እርሻ ከመውረዱ በፊት የጠዋቱን ስኒ የሚያጠጣት እሱ ሆነ።

*

ለጥምቀት በዓል እንኳየሁ አርባ አምስት ቀኗ ነበር። ሽታዬ «ቤት ቆዩ፣ ብርድ ነው» አሉ። ብርዱ እውነት ነው፤ ይመኙሽ ግን ሰበቡን አውቃዋለች። ልጇን በጋቢ ጠቅልላ፣ ፊቷን ገልጣ፣ ታቦቱ የሚያልፍበት መንገድ ዳር ወጥታ ቆመች።

ሰዉ እየዘፈነና እየዘለለ መጣ። አጠገቧ ሲደርስ ግን ወንዝ ድንጋይ ላይ እንደሚከፈለው ግራና ቀኝ ተከፈለ። ሴቶች ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ሳቡ። ታቦቱ ከፊቷ ሲደርስ ይመኙሽ ልጇን ወደ ላይ ብድግ አደረገቻት። «ይኸው!» አለች፣ አጠገቧ ያለ ሰው እስኪሰማ ድረስ። «የሰጠኸኝ አንተ ነህ። እያት። እነሱ ፊታቸውን ቢያዞሩም አንተ እያት።» ልመና አልመሰለም። ችሎት ፊት የቆመ ሰው አቤቱታ ነው የሚመስለው።

ባንቺአየሁ ያገኘቻት እዚያው ነው። ባንቺአየሁ አብሮ አደጓ ናት፤ ይመኙሽ ገና ሳትወልድ «ሴት ከሆነች ክርስትናዋን የማነሳት እኔ ነኝ» ብላ ቃል የገባች። አሁን የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ሁለት እርምጃ ያህል ርቃ ቆመች።

«አትቀየሚኝ ይመኙሽ። ክርስትናውን ሌላ ሰው ያንሳልሽ። ባሌም እናቱም አትንኪያት ብለውኛል። ሆዴ ያለው ደግሞ…»

«ይጋባል ብለሽ ነው?»

«እኔ እንጃ። እፈራለሁ።»

«መፍራትሽን አልቀየምም። አንዴ ብቻ እያት። ዓይኗን እይው።»

ባንቺአየሁ አላየችም። በሁለት እጇ ሆዷን ሸፍና ሰዉ መሃል ገባች። ይመኙሽ ያን ቀን ቤቷ ገብታ አለቀሰች፤ ከወለደች ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር። ያለቀሰችውም እያለበች፣ ስኒው እስኪሞላ ብቻ ነው።

*

በስድሳ ሁለተኛው ቀን ጠዋት እንኳየሁ ማንኪያውን እምቢ አለች። ሰውነቷ ይፋጃል። ትንፋሽ ስትስብ የጎድን አጥንቷ ሥር ስርጉድ ይላል፤ የጥፍሯ ሥር ጠቁሯል። አገሩ ታውኮ ስለነበር በጎንደር መንገድ መኪና ከቆመ አራት ቀኑ ነው።

ይመኙሽ ልጇን በደረቷ አቅፋ ስትወጣ ሽታዬ በሩ ላይ እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ። «ቄሱ ሳይመጡ ከዚህ ቤት አትወጣም!» ቄሱም ተጠርተው ኖሮ ከአላምረው ጋር እየሮጡ ደረሱ። አንድ እጃቸው ላይ መስቀልና መጽሐፍ፣ አንድ እጃቸው ላይ በፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ ይዘዋል።

«አባ፣ የእግር መንገድ ነው ያለን» አለች ይመኙሽ። «አሁን ቆመን ጸሎቱን እናድርስ ካልን ትሞትብኛለች። ካልቆምንና መንገድ ላይ ከሞተች ደግሞ…» አልጨረሰችውም። «አብረውኝ ይምጡ። ሰዓቷ ከደረሰ መንገድ ላይም ያጠምቋታል።»

ቄሱ ሽታዬን አዩ፣ ይመኙሽን አዩ። ጠርሙሱን ኮሮጇቸው ውስጥ ከተቱት። «እንሂድ» አሉ።

አምባ ጊዮርጊስ ሲደርሱ ነርሷ መርፌ ወጋቻት። የሳንባ ምች ነው፣ የሚያስፈልጋት ኦክስጅን ነው፣ ያለ ጎንደር አይሆንም አለች። አምቡላንሱ መንገድ ተዘግቶበት ጎንደር ቀርቷል። ስለዚህ አስፋልቱን ይዘው በእግራቸው ወረዱ፤ አላምረውና ይመኙሽ ልጅቱን እየተቀባበሉ፣ ቄሱ ከኋላ መስቀላቸውን ጨብጠው። መንገዱ ባዶ ነው። የሚሰማው የእግራቸው ኮቴና የልጅቱ ትንፋሽ ብቻ ነው፤ እሱም እየቀጠነ ሄደ።

ኮሶዬ ሊደርሱ ሲሉ አንዲት ምንጭ አለች። እዚያ ሲደርሱ እንኳየሁ ከንፈሯ ጠቆረ፤ ዓይኗ ወደ ላይ ዞረ። ይመኙሽ መንገዱ ዳር ተንበረከከች።

«አባ፣ ያጥምቋት» አለች። «በቃኝ። እትዬ ሽታዬ ልክ ነበሩ። ልጄን ከቅጥር ውጭ አላስቀብራትም። አሁን ያጥምቋት!»

ቄሱ ኮሮጇቸውን ፈቱ። መጽሐፉን አወጡ፣ ከፈቱት። ከዚያ ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን ሕፃኗ አፍ ላይ ጣሉ። እንደዚያ ሆነው ቆዩ። ቀና ሲሉ መጽሐፉን ዘጉት።

«ትተነፍሳለች» አሉ። «እስከተነፈሰች ድረስ እንሄዳለን። ተነሽ።»

«አባ!»

«ተነሽ ብዬሻለሁ! ያን ሁሉ ቀን ትኖራለች ብለሽ የሞገትሽኝ አንቺ አይደለሽም? ስጪኝ ልጅቱን።» ሕፃኗን ከእጇ ወስደው ካባቸው ውስጥ አስገቧትና ቁልቁል ቀደሟቸው። የስድሳ ዓመት ሰው እንደዚያ ሲራመድ ይመኙሽ አይታ አታውቅም። ያላት አማራጭ ተነስቶ መከተል ብቻ ነበር።

ብዙም ሳይርቁ ከኋላቸው የመኪና ድምፅ ሰሙ። ድንች የጫነ አይሱዙ ነው። ሾፌሩ ወንዴ የሚባል የጠዳ ልጅ ነው፤ መንገድ ተዘግቶበት አምባ ጊዮርጊስ ላይ አራት ቀን ቆሞ የከረመ።

«መንገዱ ተከፈተ?» አለው አላምረው።

«እኔ ምን አውቄ? ድንቹ ሊበሰብስብኝ ነው። የመጣው ይምጣ ብዬ ወጣሁ። ምን ይዛችሁ ነው… ውይ! ግቡ፣ ግቡ!»

መንገድ የዘጉ ታጣቂዎች ሁለት ቦታ አስቆሟቸው። ሁለቱም ቦታ ላይ ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ወረዱ፣ ተነጋገሩ፣ ተመለሱ። ከምሳ ሰዓት በኋላ ወለቃን አልፈው ጎንደር ገቡ።

*

ሆስፒታል ውስጥ ኦክስጅን አደረጉላት፣ በአፍንጫዋ ቀጭን ቱቦ አስገቡላት። የክፍሉ ነርስ ሲስተር ሄለን የልጅቱን ካርድ ስትሞላ ቆም አለች።

«ሁለት ወር ሙሉ ምን እያበላችኋት ነው የቆያችሁት?»

«የጡቴን ወተት። በማንኪያ።»

«በማንኪያ ብቻ?» ሄለን የይመኙሽን ፊት አየች፤ ከዚያ የቆሰለውን ጡቷን አየች። «እንዲህ ያሉ ልጆች ብዙዎቹ እኛ ዘንድ ሳይደርሱ ነው የሚቀሩት» አለች ቀስ ብላ። «አንቺ ግን አድርሰሻታል።»

ሐኪሙ ተስፋም አልሰጣቸው፣ ተስፋም አላስቆረጣቸው። ሦስት ቀን እንይ አለ። አላምረው ከብቶቹን የሚያያቸው ስለሌለ ተመለሰ። ቄስ ገብረ ሚካኤል ግን ጎንደር ውስጥ አብረዋቸው ድጓ የተማሩ ወዳጅ አሏቸውና በወዳጃቸው ቤት አርፈው በየጠዋቱ እየመጡ ይጠይቋት ነበር። በሦስተኛው ጠዋት ሲመጡ እንኳየሁ ዓይኗን ገልጣ ጣሪያውን ታያለች። ጥፍሯ ቀልቷል።

ቆይታ ቆይታ ይመኙሽ «አባ፣ ምንጩ ጋ ለምን አላጠመቋትም?» አለች። «ብትሞትስ ኖሮ?»

«ፈርቼ ነበር። እስከ ዛሬም እፈራለሁ። መጽሐፉን ከፍቼው ነበር እኮ።» ካባቸውን አስተካከሉ። «ግን ሁለት ወር ሙሉ አንቺ ስታምኚ እኔ ስጠራጠር ከርሜያለሁ። አንቺ ስትወድቂ ጊዜ አንዳችን ማመን ነበረብን። ተራው የኔ ነበር።»

*

የካቲት አሥራ ስድስት፣ ኪዳነ ምሕረት፣ ያን ዓመት እሑድ ዋለች፤ ከዐቢይ ጾም ቅበላም ጋር ገጠመች። ይመኙሽ ከጎንደር ከተመለሰች ሦስተኛ ቀኗ ነው። ጎህ ሲቀድ ሰማንያ ቀኗን ጨርሳ፣ ነጭ ለብሳ፣ የልጇን ፊት ገልጣ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ደጅ ተሳለመች። ክርስትናዋን ያነሱት የቄስ ገብረ ሚካኤል ባለቤት ወይዘሮ ምስጢር ናቸው። «ሌላ ሰው እስኪገኝ ምን አስጠበቀን፣ እኔ አለሁ» ብለው ለራሳቸው ጠየቁት እንጂ ማንም አልለመናቸውም።

ልጅቱ ውሃው ውስጥ ገብታ ወጣች። ሜሮን ተቀባች፣ ማተብ ታሰረላት፣ ወለተ ኪዳን ተባለች። ሽታዬ ከሴቶቹ መሃል ቆመው ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ ያያሉ።

ችግሩ የመጣው በቅዳሴው የመቁረቢያው ሰዓት ሲደርስ ነው። ሕፃናቱ ቀድመው ተሰለፉ። ወይዘሮ ምስጢር እንኳየሁን ይዘው ሲቀርቡ፣ ከቄስ ገብረ ሚካኤል ጋር የሚቀድሰው ወጣቱ ቄስ መዝሙር እጁን ዘርግቶ አስቆማቸው።

«ይህቺ ልጅ አትችልም» አለ በዝቅታ። «ላንቃ የላትም። በአፍንጫዋ ይመለሳል። ክቡር ደሙ መሬት ላይ ቢፈስ ማን ይጠየቃል? ስታድግ፣ ስትሰፋ ትቁረብ።»

ቄስ ገብረ ሚካኤል ተጨነቁ። የመዝሙር ስጋት የክፋት አልነበረም፤ አንድ ጠብታ ብትፈስ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ካህን ሁሉ የሚፈራውን ነው የፈራው። ሰልፉ ቆመ። ሰዉ ማንሾካሾክ ጀመረ።

ይመኙሽ ከሴቶቹ መካከል ወጣች። ጫማዋን አውልቃ፣ ነጠላዋን አመሳቅላ ነው የቆመችው። በቅዳሴ መሃል ሴት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አትናገርም፤ ታውቃለች። ተናገረች።

«አባቶቼ፣ አትፍሰስ ስትሉ ልክ ናችሁ። አትፈስም። ሰማንያ ቀን ያበላኋት እኔ ነኝ፤ ጉሮሮዋን ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። እኔ እንደምላችሁ አድርጉ።»

«ምን…» አለ መዝሙር።

«ልጄ የተጠመቀችው ደጅ ቆማ ልታይ አይደለም። እሷ ካልቆረበች እኔም አልቆርብም፤ እዚሁ ቆሜ እውላለሁ።»

ቄስ ገብረ ሚካኤል የመዝሙርን እጅ ቀስ አድርገው አወረዱት። «ንገሪን፣ ልጄ» አሉ።

«እትዬ ምስጢር፣ ቀጥ አድርገው ያስቀምጧት። አገጯን ትንሽ ዝቅ። እንደሱ። ከላይ አያፍስሱባት አባ፤ በቀኝ ጉንጯ በኩል፣ ጥቂት ብቻ። አሁን ይጠብቁ። አይቸኩሉ… ጉሮሮዋን ይዩት። ይጠብቁ።»

ቄሱ ጠበቁ። መዝሙር በሁለት እጁ መሐረብ ዘርግቶ ከአገጯ ሥር ይዟል፤ ግንባሩ ላይ ላብ ጣል ጣል ብሏል። እንኳየሁ ዓይኗን አፍጥጣ ቄሱን ታያቸዋለች። ጉሮሮዋ አንዴ ወደ ላይ ወጣ፣ ወረደ።

ዋጠች። አንዲት ጠብታ አልወጣችም።

ይመኙሽ እዚያው ግንባሯን መሬት አስነክታ ሰገደች። ስትነሳ መዝሙር ባዶውን መሐረብ አጣጥፎ ሳመው። «ይቅር በይኝ» አላት በዓይኑ ማለት ይቻላል።

*

በዚያ ቀን ቤታቸው የቅበላ በግ ታረደ። የመጣም መጣ፣ የቀረም ቀረ። አንዲት ጎረቤት እጇን እየታጠበች ለማጽናናት ብላ «አይዞሽ፣ ስትሰፋ ሸጋ ትሆናለች» አለቻት። ይመኙሽ «አሁንስ ምን ሆነች?» ብላ ወጡን አቀረበችላት።

ባንቺአየሁ ሚያዝያ ላይ ወንድ ልጅ ወለደች፤ ደህና፣ ሙሉ፣ ጤነኛ። ይመኙሽ ገንፎ አገንፍታ፣ እንኳየሁን ታቅፋ ሄደች። ደጅ የተቀመጡት ሴቶች ተያዩ፤ የባንቺአየሁ አማት በሩን ግማሽ ያህል ገርበብ አደረጉት። ይመኙሽ በትከሻዋ ገፋ አድርጋ «ደህና ዋላችሁ» ብላ ገባች። ገንፎውን አስቀመጠች፤ አራሷን «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አለቻት፤ ስለ ሌላ ነገር አንድም ቃል አላነሳችም። ባንቺአየሁ ያን ጊዜ ቀና ብላ እንኳየሁን አየቻት። ብዙ አየቻት። ከዚያ ማልቀስ ጀመረች፤ ይመኙሽም «አታልቅሺ፣ ወተትሽ ይሸሻል» ብላ ተቆጣቻት።

ግንቦት መጀመሪያ ላይ እንኳየሁ አራት ኪሎ ከስድስት መቶ ግራም ሞላች። አላምረውና ይመኙሽ ይዘዋት ጎንደር ወረዱ። በሆስፒታሉ መዝገብ ክፍል ያለው ጸሐፊ ቀና ሳይል ጠየቃት።

«የሕፃኗ ስም?»

«የዓለም ስሟ እንኳየሁ አላምረው። የክርስትና ስሟ ወለተ ኪዳን።»

«የዓለሙ ይበቃል። ችግሯ ምንድን ነው?»

«ችግርስ የለባትም» አለች ይመኙሽ። «ከንፈሯን ልናሰፋ ነው የመጣን።»

ጸሐፊው ያን ጊዜ ቀና አለ። እንኳየሁም በዚያ ሰፊ አፏ ሳቀችበት።

ስፌቱ በደህና ያዘ። ከአፍንጫዋ ሥር ቀጭን ጠባሳ ቀርቷል። ላንቃዋ ዓመት ሲሞላት ይሰፋል ተብሏል፤ ቀጠሮው ተይዟል። እስከዚያ እያለቡ በማንኪያ ማጠጣቱ አልቀረም። በዚህ ሰሞን የከሰዓቱን ስኒ የሚያጠጧት ሽታዬ ናቸው፤ ከቤቱ ፊት ለፊት፣ መንገደኛ ሁሉ በሚያልፍበት ቦታ ተቀምጠው።